በዐፀደ ነፍስ ያሉ ቅዱሳን አሁን ሕያዋን ናቸው ወይስ እስከ ትንሣኤ ተኝተዋል?

የጉዳዩ አቅራቢ፦
ለክርክር ያቀረብኩት ጥያቄ በእምነት ያረፉ ቅዱሳን በዚህ ሰዓት በእግዚአብሔር ፊት ሕያዋን ናቸው ወይስ እስከ ትንሣኤ ሙታን ድረስ ምንም ሳያውቁ ተኝተዋል የሚል ነው። እኔ ሕያዋን ናቸው ብዬ አምናለሁ። መነሻዬ ጌታችን ለሰዱቃውያን የሰጠው መልስ ነው፤ እግዚአብሔር በቁጥቋጦው ዘንድ ራሱን የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ ብሎ መጥራቱን አስታውሷቸው የሕያዋን እንጂ የሙታን አምላክ እንዳልሆነ፣ ሁሉም ለእርሱ ሕያዋን እንደ ሆኑ ነገራቸው (ሉቃ. 20፥37-38)። ሙሴ ያን ድምፅ በሰማበት ጊዜ አብርሃም ካረፈ ብዙ ዘመን አልፎ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስም ከዚህ ዓለም ተለይቶ ከክርስቶስ ጋር መሆን እጅግ የሚሻል መሆኑን ጽፏል (ፊልጵ. 1፥23)። ሞት ወደ ፍጹም አለማወቅ መግባት ቢሆን ኖሮ፣ ክርስቶስን እያወቁና እያገለገሉ በሥጋ ከመቆየት በምን እንደሚሻል ሊገባኝ አይችልም።

ሁለተኛው ተከራካሪ፦
ወንድሜ፣ ያቀረቡትን በአክብሮት አንብቤአለሁ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ማስረጃዎ የተነሣበትን ጉዳይ የሚያስረዳ አይመስለኝም። ሰዱቃውያን የካዱት ትንሣኤን ነበር፤ ጌታም የመለሰላቸው ስለ ትንሣኤ ነው። እግዚአብሔር የአብርሃም አምላክ መባሉ አብርሃም መነሣቱ እንደማይቀር ያረጋግጣል እንጂ ዛሬ የት እንዳለ አይነግረንም። መጽሐፍ ሙታን አንዳች እንደማያውቁ ይናገራል (መክ. 9፥5)፤ ጴጥሮስም በበዓለ ሃምሳ ዳዊት ወደ ሰማያት እንዳልወጣ በግልጽ መስክሯል (ሐዋ. 2፥34)። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ጳውሎስ ለቆሮንቶስ የጻፈው ነው፤ ሙታን የማይነሡ ከሆነ በክርስቶስ ያንቀላፉት ጠፍተዋል ይላል (1ቆሮ. 15፥16-18)። ቅዱሳን ያለ ትንሣኤም በሰማይ በደስታ የሚኖሩ ከሆነ ጠፍተዋል የሚለው ቃል ምን ትርጉም ይኖረዋል? ሟቾቻቸውን ያዘኑትን የተሰሎንቄ ሰዎች ሲያጽናናም ወገኖቻችሁ አሁን በሰማይ ናቸው አላላቸውም፤ ጌታ ሲመጣ በክርስቶስ የሞቱት አስቀድመው ይነሣሉ አላቸው እንጂ። ዛሬ የአድቬንቲስት አብያተ ክርስቲያናት የሚያስተምሩት ይህንኑ ሲሆን፣ በአራተኛው ምእት ዓመት የነበረው ሶርያዊው አባት አፍራሃትም ስለ ሙታን እንቅልፍ ጽፏል፤ ስለዚህ አሳቡ ትናንት የተፈጠረ አይደለም።

ሦስተኛዋ ተከራካሪ፦
ሁለተኛው ወንድማችን የጠቀሱት የቆሮንቶስ ቃል ብርቱ ነው፤ ቀለል አድርገን ልናልፈው አይገባም። የክርስቲያን ተስፋ የነፍስ መኖር ብቻ አይደለም፤ ሥጋ ካልተነሣ ሰው ሙሉ ሰው አይሆንም፣ ክርስቶስ ካልተነሣ ደግሞ ነፍስም መዳኛ የላትም። ጳውሎስ በዚያው ክፍል ክርስቶስ ካልተነሣ እስካሁን በኃጢአታችሁ ናችሁ ማለቱን ልብ ይበሉ፤ ጠፍተዋል ያለው የኃጢአት ይቅርታ ስለማይኖራቸው ነው።

የመክብብን ቃል በተመለከተ ግን አልስማማም። ያው ቁጥር ሙታን ከእንግዲህ ወዲህ ዋጋ እንደሌላቸው ይናገራል። ቃሉ ያለ ወሰን ስለ ሙታን ሁኔታ የተነገረ ትምህርት ከሆነ የትንሣኤ ዋጋም ይቀራል ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ እርስዎም አይቀበሉትም። የሚቀጥለው ቁጥር ወሰኑን ያስቀምጣል፤ ሙታን ዕድል ፈንታ የሌላቸው ከፀሐይ በታች በሚሠራው ነገር ነው። ጴጥሮስም ስለ ዳዊት ሲናገር መቃብሩ እስከ ዛሬ በእኛ ዘንድ ነው ብሎ ነው የጀመረው፤ ያነጻጸረው በመቃብር የቀረውን ሥጋ መበስበስን ካላየውና በአብ ቀኝ ከተቀመጠው ከክርስቶስ ሥጋ ጋር ነው።

ለእኔ ጉዳዩን የሚቆርጠው የዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 6 ነው። ስለ እግዚአብሔር ቃል የታረዱት ሰዎች ነፍሳት ከመሠዊያው በታች ሆነው እስከ መቼ አትፈርድም ብለው ይጮኻሉ፤ ነጭ ልብስ ይሰጣቸዋል፤ የባልንጀሮቻቸው ቁጥር እስኪሞላ ጥቂት ጊዜ እንዲያርፉም ይነገራቸዋል። እዚህ ላይ ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩበት ነገር በአንድ ላይ ይገኛል። ነፍሳቱ ይናገራሉ፣ ያስታውሳሉ፣ መልስም ይሰማሉ፤ ነገር ግን ገና እየጠበቁ ናቸው፤ ፍርድም አልተፈጸመም፤ በምድር የቀሩት ወንድሞቻቸው ሳይደርሱም ደስታቸው ሙሉ አይሆንም። ዕብራውያን 11፥40 አባቶች ያለ እኛ ፍጹማን እንዳይሆኑ እግዚአብሔር አስቀድሞ እንዳሰበ የሚናገረው ከዚህ ጋር ይስማማል። ጥበቃው ያለማወቅ ጥበቃ ነው የሚል ቃል ግን ከክፍሉ አላገኘሁም።

ሁለተኛው ተከራካሪ፦
እህቴ፣ የመክብብን ነገር አስባበታለሁ። ራእይ ግን በምሳሌ የተሞላ መጽሐፍ ነው። የአቤል ደም ከምድር ጮኸ ሲባል ደሙ አፍ አለው አንልም።

ሦስተኛዋ ተከራካሪ፦
እውነት ነው፤ መሠዊያውም ምሳሌ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ለአቤል ደም ልብስ አልተሰጠውም፣ እረፍ ተብሎም አልተነገረውም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቆጥረው መጽሐፈ ሄኖክ በምዕራፍ 22 የሚጮኸው የአቤል መንፈስ መሆኑን ይናገራል፤ የጻድቃን ነፍሳትም እስከ ፍርድ ቀን ድረስ የውኃ ምንጭ ባለበት ስፍራ ተለይተው እንደሚጠበቁ ያሳያል። መጽሐፉን እንደ ቅዱስ መጽሐፍ የማይቀበል ሰው እንኳ እንዲህ ያለው እምነት ከክርስቶስ ልደት በፊት እንደነበረ ከእርሱ ይረዳል።

አራተኛው ተከራካሪ፦
ከታሪክ በኩል ጥቂት ልጨምር። ክርክሩ በሕያዋንነትና በእንቅልፍ መካከል ብቻ አልነበረም፤ ሕያዋን ናቸው ብለው የተስማሙትም ቅዱሳን አሁን ምን ያህል ክብር አግኝተዋል በሚለው ተለያይተዋል። በሁለተኛው ምእት ዓመት የነበረው የቤተ ክርስቲያን አባት ሄሬኔዎስ ነፍሳት ወደማይታይ ስፍራ ሄደው ትንሣኤን እንደሚጠብቁ አስተምሯል። በ1331 የሮማው ሊቀ ጳጳስ ዮሐንስ 22ኛ ቅዱሳን ከመጨረሻው ፍርድ በፊት የእግዚአብሔርን ገጽ በሙላት እንደማያዩ መስበክ ጀምሮ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣበት፤ ተተኪው ቤነዲክቶስ 12ኛ በ1336 ፍጹም የነጹ ነፍሳት ከፍርድ ቀን በፊትም እንደሚያዩት ወሰነ። የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ቅዱሳን አሁን የሚቀምሱት የክብሩን መጀመሪያ እንደሆነ፣ ሙላቱ ግን ከትንሣኤ በኋላ እንደሚሰጥ ያስተምራሉ።

በዚህ ውይይት ሊለይ የሚገባው ነገር ደግሞ የሕይወታቸውና የምልጃቸው ጥያቄ ነው። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪ የነበረው ካልቪን በ1534 ነፍስ ትተኛለች የሚለውን ትምህርት ለመቃወም አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል፤ ሆኖም ቅዱሳንን በጸሎት መጥራትን አጥብቆ ይቃወም ነበር። የካልቪንን ትምህርት የሚከተሉ የብሪታንያ ፕሮቴስታንቶች ያወጡት የ1647ቱ የዌስትሚንስተር የእምነት መግለጫም ነፍሳት አይሞቱም አይተኙምም ይላል። ስለዚህ ምልጃን ላለመቀበል ሲባል ቅዱሳንን ማስተኛት አስፈላጊ አይደለም፤ ሕያዋን መሆናቸውን ያስረዳ ሰውም የምልጃውን ክርክር ገና አልረታም።

ሁለተኛው ተከራካሪ፦
ይህን ልዩነት እቀበላለሁ፤ ብዙዎቻችን ሁለቱን አንድ አድርገን ስንጣላ ኖረናል። እንግዲያው አቅራቢውን ልጠይቅ፤ ሕያዋን ቢሆኑስ በምድር የሚሆነውን እንደሚያውቁ ምን ያስረዳል? ኢሳይያስ አብርሃም አያውቀንም ብሏል (63፥16)።

የጉዳዩ አቅራቢ፦
ኢሳይያስ የተናገረው ከአብርሃም ልጅነት በላይ አባታችን እግዚአብሔር መሆኑን ለመግለጥ ነው፤ በዚህ ቃል ላይ ብዙ ልገነባ አልፈልግም፤ እርስዎም እንዲሁ ቢያደርጉ እወዳለሁ። የእኔ ማስረጃ ደብረ ታቦር ነው። ሙሴ በሞዓብ ምድር ሞቶ ተቀብሯል (ዘዳ. 34)፤ በተራራው ላይ ግን ከኤልያስ ጋር በክብር ታይቶ ጌታ በኢየሩሳሌም ሊፈጽመው ስላለው መውጣት ይነጋገር ነበር (ሉቃ. 9፥30-31)። ሙሴ አስቀድሞ ተነሥቶ ነበር የሚሉ ሰዎች የይሁዳን መልእክት ቁጥር 9 ይጠቅሳሉ፤ ያ ክፍል ግን ስለ ሥጋው የተደረገውን ክርክር ይነግረናል እንጂ መነሣቱን አይነግረንም። ሙሴ ለሚመጣው መከራ እንግዳ ሆኖ አልቀረበም፤ ደቀ መዛሙርቱ ገና ሊቀበሉት ስላልቻሉት ሞት ከጌታ ጋር ይነጋገር ነበር። ከዚህ ተነሥቼ እያንዳንዱ ቅዱስ ሁሉን ያያል አልልም፤ የሚያውቁት እግዚአብሔር የገለጠላቸውን ያህል ነው። ምልጃቸውን በተመለከተ በአራተኛው ወንድማችን አከፋፈል መሠረት ራሱን የቻለ ክርክር ብንከፍትለት እመርጣለሁ።