ሩድ መሄድ ነበረበት? አሞሪም ሰዎቹን ይዞ ማንችስተር ዩናይትድ በመምጣቱ ላይ በኅዳር 2017 (በፈረንጆቹ 2024) የተነሳ ክርክር

ቀይ ማልያ፣ ከአራት ኪሎ

ሰላም የዩናይትድ ቤተሰብ። የብሔራዊ ቡድኖች ጨዋታ ስለሆነ የኛ ቡድን አይጫወትም። እስቲ ሳምንቱን ሙሉ ያነጋገረንን ነገር በደንብ እንከራከርበት።

ላልተከታተለ ላስታውስ። ጥቅምት 18 አሰልጣኛችን ቴን ሃግ ተሰናበተ። በዌስትሃም 2ለ1 በተሸነፍን ማግስት ነው፤ 14ኛ ነበርን። ምክትሉ ሩድ ቫን ኒስትሮይ 4 ጨዋታ በጊዜያዊነት መራ። ኅዳር 2 ሩበን አሞሪም ሥራ ጀመረ፣ በዚያው ቀን ሩድ እንደሚሄድ ተነገረ። ሬኔ ሃከ፣ የበረኞች አሰልጣኙ የሌ ቴን ሩወላር እና ፒተር ሞረልም አብረውት ወጡ። አሞሪም ከቀድሞ ክለቡ ከፖርቹጋሉ ስፖርቲንግ 5 ሰው ይዞ መጣ። ካርሎስ ፈርናንዴዝ፣ አዴሊዮ ካንዲዶ፣ ኢማኑኤል ፌሮ፣ የበረኞቹ ጆርጅ ቪታል፣ የስፖርት ሳይንስ ባለሙያው ፓውሎ ባሬራ። ከነበሩት ዳረን ፍሌቸርና የቆመ ኳስ አሰልጣኙ አንድሪያስ ጆርጅሰን ቀርተዋል።

እኔ አሞሪም የራሱን ሰዎች ማምጣቱን እደግፋለሁ። የሩድ መሄድ ግን እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። እናንተስ?

አስር ቁጥር፣ ከአዳማ

እኔ አላመነታም። ስህተት ነው። 4 ጨዋታ፣ 3 ድል፣ 1 አቻ። ሌስተርን በሊግ ካፕ 5ለ2፣ ከቼልሲ 1ለ1፣ ፓኦክን 2ለ0፣ ሌስተርን እንደገና 3ለ0። 11 አግብተን 3 ገባብን። ይሄ ቡድን ከዚያ በፊት በ9 የሊግ ጨዋታ 8 ጎል ብቻ ያገባ ቡድን ነው!

ሰውየው ደግሞ ዋናውን ወንበር ስጡኝ አላለም። ምክትል ሆኜም ላገልግል ብሎ በአደባባይ ተናግሯል። ለዚህ ማልያ በ219 ጨዋታ 150 ጎል ያገባ ሰው ነው። የሌስተሩ ጨዋታ እሁድ አለቀ። ሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ሩድ ለደጋፊው ሲያጨበጭብ ሁላችንም ቆመን ነበር የምናየው። ሰኞ አሰናበቱት። አንድ ቀን እንኳን አላደረም።

የታዳጊዎች አሰልጣኝ፣ ከሐዋሳ

ወንድሜ፣ ስሜትህ ይገባኛል። ግን ምክትል አሰልጣኝ ምን እንደሚሠራ እንይ። ዋናውን በቴሌቪዥን የምናየው መስመር ላይ ቆሞ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ተከላካዩን "ሁለት እርምጃ ወደ ግራ" የሚለው፣ ልምምዱን አስቁሞ የሚያርመው፣ ስህተቱን በቪዲዮ የሚያሳየው ብዙ ጊዜ ምክትሉ ነው።

የአሞሪም 3-4-3 (ሦስት ተከላካይ፣ አራት አማካይ፣ ሦስት አጥቂ) ደግሞ ተጫዋቹ ወረቀት ላይ አይቶት የሚገባው ነገር አይደለም። ከሦስቱ ተከላካዮች አንዱ ኳስ ይዞ ሲወጣ ዊንግባኩ (በመስመር እየወጣ የሚያጠቃው፣ ተመልሶም የሚከላከለው) የት ይቆማል? ከአጥቂው ጀርባ ያሉት ሁለቱ መቼ ወደ ውስጥ ይገባሉ? ይሄ በድግግሞሽ ነው የሚመጣው። ከአሞሪም ጋር የቆየ ሰው በጥቅሻ ይግባባዋል። አዲስ ሰው መጀመሪያ ራሱ መማር አለበት።

በራሴ ደርሶብኛል። አንድ ጊዜ የታዳጊ ቡድን ስረከብ ምክትሉን ኃላፊዎቹ ራሳቸው መርጠው ሰጡኝ። ጥሩ ሰው ነበር፣ ኳስም ያውቃል። ግን እኔ ከኋላ መሥርታችሁ ውጡ ስል እሱ በረጅሙ ምቱት ይላል። ልጆቹ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን ያያሉ። ሁለት ወር ሙሉ ግራ ተጋቡ። ማናችንም ክፋት አልነበረብንም፤ ኳስን የምናይበት ዓይን ብቻ ለየቅል ነበር።

የካንቶና ዘመን ሰው፣ ከደሴ

ልጆች፣ እኔ ይሄ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ። በፈረንጆቹ 2013 ፈርጉሰን ዋንጫ አንስቶ ተሰናበተ፣ ሞዬስ መጣ። ማይክ ፌላን ወጣ፣ ሬኔ ሙለንስቲን ወጣ፣ የበረኞቹ ኤሪክ ስቲል ወጣ። ሞዬስ ስቲቭ ራውንድን፣ ጂሚ ለምስደንንና ክሪስ ውድስን ከኤቨርተን ይዞ ገባ። ውጤቱን ታውቁታላችሁ። ሞዬስ ዓመት ሳይሞላው ተባረረ፣ የአገሩ ሻምፒዮን 7ኛ ሆኖ ጨረሰ።

ምሰሶውን ሁሉ በአንድ ቀን ነቅሎ ጣሪያው ይቁምልኝ የሚል ማነው? አሞሪምን አልጠላውም። ግን ገና 39 ዓመቱ ነው፣ እንግሊዝ አሰልጥኖ አያውቅም። ታኅሣሥ ላይ ጨዋታው በየሦስት ቀኑ ሲደራረብ ምን እንደሚመስል የሚነግረው፣ የመልበሻ ክፍሉን ጠባይ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ያስፈልገዋል።

የታዳጊዎች አሰልጣኝ፣ ከሐዋሳ

ጋሼ፣ እርስዎ ያዩትን እኔ በወሬ ነው የማውቀው። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ፈርጉሰን ራሱ በ1986 ሲመጣ አርቺ ኖክስን ከአበርዲን ይዞት ነው የመጣው። የሚያምነውን ሰው ይዞ መግባት ያኔም ነበር።

ደግሞ ሞዬስ ያፈረሰው የቆመ ቤት ነው። አሁን እኮ 13ኛ ነን። ባለፈው ዓመት 8ኛ ሆነን ጨረስን፤ ፕሪሚየር ሊጉ ከተጀመረ እስከዚያ ድረስ እንዲህ ወርደን አናውቅም ነበር። ሩድም ሃከም የገቡት በዚህ ክረምት ነው። ምሰሶ ለመሆን ጊዜው መቼ አገኛቸው?

የካንቶና ዘመን ሰው፣ ከደሴ

ኖክስን ያነሳ ልጅ ማግኘቴ ደስ አለኝ። ጥሩ ነጥብ ነው፣ እቀበላለሁ። ግን ፈርጉሰን እዚህ የመጀመሪያ ዋንጫውን ያነሳው በ1990 ነው። እስከዚያ የታገሱት ሰዎች ነበሩ። የአሁኖቹ ይታገሳሉ?

አስር ቁጥር፣ ከአዳማ

አይታገሱም! ቴን ሃግን ሐምሌ አካባቢ ውል አራዘሙለት፣ ጥቅምት ላይ አባረሩት። በዚህ መሃል 250 ገደማ የሥራ ቦታ እንቀንሳለን አሉ። የፈርጉሰንን የአምባሳደርነት ክፍያ ሳይቀር እናቆማለን አሉ። ከዚያ ለአሞሪም ውል ማፍረሻ 11 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ከፈሉ። ሐምሌ ላይ ትክክለኛውን ውሳኔ ቢወስኑ ኖሮ ሩድን አምጥተው በአራት ወሩ አይሸኙትም ነበር። እኔ አሞሪም ላይ ቂም የለኝም። ቂሜ ከላይ ያሉት ላይ ነው።

እናት ደጋፊ፣ ከቨርጂኒያ

እናንተ ስለ ሩድ ስትከራከሩ በረኛችንን ኦናናን ረሳችሁት። ልጁ ከመጣ ገና አንድ ዓመት ከአራት ወሩ ነው። ጆርጅ ቪታል ሦስተኛው የበረኞች አሰልጣኙ ነው። ባለፈው ዓመት ስንት መከራ እንዳየ ሁላችንም እናውቃለን። ዘንድሮ ተረጋጋ፣ በራሱ ተማመነ። በረኛና አሰልጣኙ ደግሞ በየቀኑ ለብቻቸው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። አሁን እንደገና ከዜሮ ሊጀምር ነው። ለእኔ ከሩድ ይልቅ ይሄ ነው የሚያሳስበኝ።

ሌላው ጊዜው ነው። አሞሪም ራሱ የውድድር ዘመኑ እስኪያልቅ ልቆይ ብሎ ነበር። ክለቡ ወይ አሁን ወይ መቼም አይሆንም አለው። የክረምት ዝግጅት የለም። ተጫዋቾቹ የተገዙት ለአራት ተከላካይ ነው። የግራ ተከላካዮቹ ሉክ ሾውና ማላሲያ ከጉዳት ገና እየተመለሱ ነው። የግራ ዊንግባኩ ማን ሊሆን ነው? ሰዎቹ ጎበዝ ቢሆኑም የሚያሰለጥኑበት ቀን ከየት ይመጣል?

የባሕር ዳሩ ተማሪ

እህቴ፣ ስጋትሽ ልክ ነው። ግን ሰውየው ስፖርቲንግን ሲረከብም እኮ ወቅቱ መሃል ላይ ነበር፣ በፈረንጆቹ 2020 መጋቢት። ከብራጋ በ10 ሚሊዮን ዩሮ ሲወስዱት ገና ጀማሪ ነበር። ያን ጊዜም ደጋፊው ለዚህ ልጅ ይሄ ሁሉ ብር ብሎ ነበር። በዓመቱ ዋንጫ አነሳ፤ ክለቡ ሊጉን ካሸነፈ 19 ዓመት አልፎት ነበር። ባለፈው ዓመት ደገመው። ዘንድሮ 11 የሊግ ጨዋታ ተጫውቶ 11ዱንም አሸንፎ ነው የወጣው። ማንችስተር ሲቲን 4ለ1 ሲያሸንፍ አይታችኋል። የመጨረሻው ቀን ብራጋ 2ለ0 ቀድሞት ነበር፣ እሱ ግን 4ለ2 አሸንፎ ጨረሰ። ይሄንን ሁሉ ሲሠራ አብረውት የነበሩ ሰዎች ናቸው የመጡት።

ለወጣቶች የሚሰጠው ዕድል ደግሞ ልቤን ያሞቀዋል። ኑኖ ሜንዴዝ በእሱ እጅ ነው የወጣው። የኛን ወጣቶች ማይኖንና አማድን አስቡ።

እንግዳ፣ የአርሰናል ደጋፊ

ቤታችሁ ስለገባሁ ይቅርታ፣ ግን ይሄ ነገር በእኛም ደርሶ ስለነበር ዝም ማለት አልቻልኩም። በፈረንጆቹ 2019 አሰልጣኛችንን ኤምሬን ሲያሰናብቱ ፍሬዲ ዩንግበርግ በጊዜያዊነት ያዘ። እሱም እንደ ሩድ የክለቡ ጀግና ነው። አርቴታ ሲመጣ አላባረረውም፣ ከአሰልጣኞቹ ጋር አስቀረው። በዚያው ዓመት ኤፍኤ ካፕ አነሳን። ፍሬዲ በኋላ በራሱ ፈቃድ ሄደ። ማለቴ፣ አብሮ መሥራት ይቻላል።

ልዩነቱን ግን ልንገራችሁ። ፍሬዲ ካሰለጠናቸው ጨዋታዎች ያሸነፈው 1 ብቻ ነው። ስለዚህ አርቴታ ሲሸነፍ "ፍሬዲ ይሻል ነበር" የሚል ሰው አልነበረም። የእናንተው ሩድ ግን ሳይሸነፍ ነው የወጣው። አሞሪም ሁለቴ ቢሸነፍ ሜዳችሁ ኦልድትራፎርድ ላይ ያለው ደጋፊ ማንን ይጠራል? ሩድ መልካም ሰው ቢሆንም፣ ምንም ባያደርግም፣ እዚያ ወንበር ላይ መቀመጡ ብቻ ይበቃል። በነገራችን ላይ እኛ ያን ዓመትም በቀጣዩ ዓመትም 8ኛ ነበርን። ታገሱ።

ቀይ ማልያ፣ ከአራት ኪሎ

እንግዳችን፣ እንኳን ገባህ። ይሄን በዚህ በኩል አላየሁትም ነበር። እስካሁን ሩድ የሄደው ጎበዝ ስላልሆነ እንደሆነ አድርጌ ነበር የማዝነው። አሁን ሳስበው ጥሩ መሥራቱ ነው መቆየቱን ያከበደው።

ጋሼ፣ እርስዎ ያነሱት የቤቱን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ጉዳይ ግን ልክ ነው። ፍሌቸር የቀረው ለዚህ ይመስለኛል። 342 ጨዋታ ለዚህ ክለብ ተጫውቷል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ያደገበት ቤት ነው። የአሞሪም ወንበር ደግሞ አይነቀነቅበትም፣ እስከዚህ ኅዳር ድረስ ጊዜያዊ አሰልጣኝ ሆኖ አያውቅምና።

የካንቶና ዘመን ሰው፣ ከደሴ

ፍሌቸር ጥሩ ልጅ ነው። በጥሩ ዘመን ተጫውቷል፣ ከፈርጉሰን አፍ ተምሯል። ጥያቄዬ አንድ ነው። ሲናገር ይሰሙታል ወይ? አምስቱ ከአንድ ቤት የመጡ፣ በአንድ ቋንቋ የሚያወሩ ናቸው። የቤቱ ልጅ ግን እሱ ብቻውን ነው። አሞሪም ብልህ ከሆነ ጠርቶ ይጠይቀዋል። እሱን ካደረገ እኔ ዝም እላለሁ።

አስር ቁጥር፣ ከአዳማ

እንግዳው ያልከው ነገር ትናንት ማታ እንቅልፍ ነሳኝ። እውነቱን ልናገር። አሞሪም ሁለት ጨዋታ ቢሸነፍ መጀመሪያ "ሩድ" ብሎ የሚጮኸው ሰው እኔ ነኝ። ሰፈር ያሉት ሁሉ ያውቁኛል። ለአዲሱ ሰውዬ እንደዚያ ያለ ጫና ማብዛት እንደማይረዳው ገባኝ።

አሸኛኘቱን ግን አልቀበልም። መሄዱ ግድ ቢሆን እንኳን፣ ደጋፊው ስሙን ጠርቶ የሚሰናበትበት አንድ ቀን ይገባው ነበር። ሌላ ክለብ ይዞ ኦልድትራፎርድ ሲመጣ ቆሜ አጨበጭብለታለሁ።

የታዳጊዎች አሰልጣኝ፣ ከሐዋሳ

አብረን እናጨበጭባለን። ኅዳር 15 እሁድ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ከኢፕስዊች ጋር ነን። ግማሹ ቡድን ከብሔራዊ ቡድን የሚመለሰው ጨዋታው ሊደርስ ሲል ነው፣ ስለዚህ ውጤቱን ብቻ አትዩ። ኳስ ሲጠፋብን ሁለቱ ዊንግባኮች ወደ ኋላ ተመልሰው አምስት መሆን ይችሉ እንደሆነ ተመልከቱ። ልምምዱ መግባት አለመግባቱ እዚያ ይታወቃል።

እናት ደጋፊ፣ ከቨርጂኒያ

እዚህ ጠዋት 5 ሰዓት ተኩል ነው የሚሆነው። ከቅዳሴ መልስ እደርሳለሁ። እናንተ ዊንግባኮቹን እዩልኝ፣ እኔ ኦናና የመጀመሪያዋን ኳስ በእግሩ ሲቀበል ነው የማየው።