አስቸኳይ፦ ትሎቹ መብላት እምቢ አሉ፣ ትርኢቱ ዓርብ ነው

የሆጤው አባት (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ልጄ ዓርብ በትምህርት ቤቱ የሳይንስ ትርኢት ላይ የቢራቢሮን ዕድገት ሊያሳይ ትሎችን ካርቶን ውስጥ አስቀምጦ ነበር። ከትናንት ጀምሮ ምግብ የሚባል አይነኩም። ጎመን ሰጠን፣ ሰላጣ ሰጠን፣ ቆስጣ ሰጠን፣ ወይ ፍንክች! አንዱ ጠቁሮ ደርቋል። ልጁ እያለቀሰ ነው። ምን ይሻላል?

ጦሳ ሥር፦
ጾም ይዘው ይሆናል። ፍቺው መቼ እንደሆነ ጠይቅልን።

የጓሮ ሰው፦
ጎመኑ መድኃኒት ተረጭቶበት ይሆናል። በደንብ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ ስጧቸው።

ኮምቦልቻዊት፦
ወንድሜ፣ ዋናውን ነገር አልነገርከንም። ከየትኛው ተክል ላይ ነው የለቀማችኋቸው? መልካቸውስ?

መምህር በጡረታ፦
ነገሩን ከሥሩ እንየው። ተክል ሮጦ ማምለጥ ስለማይችል የሚከላከለው በመርዝ ነው። ጎመን የሰናፍጭ ዓይነት የሚያቃጥል ቅመም አለው፤ ሎሚ በቅጠሉ ውስጥ ዘይት ይቋጥራል፤ ወደ አፋር ሲወረድ የምናየው ጦቢያው ደግሞ ልብን የሚጎዳ ነጭ ወተት አለው። እያንዳንዱ የቢራቢሮ ወገን የአንዱን መርዝ መቋቋም ችሎ ከዚያው ጋር ተቆራኝቷል። ፖል ኤርሊክና ፒተር ሬቨን የተባሉ አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1964 ያስረዱት ይህንኑ ነው፦ ተክሉ አዲስ መከላከያ ሲያበጅ ቢራቢሮው መላ ሲፈልግ፣ ሁለቱም እየተፎካከሩ ተለወጡ። እናቲቱ ቢራቢሮ እንኳ ቅጠል ላይ ስታርፍ በፊት እግሮቿ ደብደብ እያደረገች ትቀምሰዋለች። የምትቀምሰው በእግሯ ነው! ካልጣማት እንቁላል አትጥልም። ስለዚህ...

ጦሳ ሥር፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ እስኪጨርሱ ትሎቹ ያልቃሉ።

የሆጤው አባት፦
እህቴ፣ ኮምቦልቻ እናቴ ጓሮ ካለ ትንሽ የሎሚ ችግኝ ላይ ነው ያገኘናቸው። ይህ ለውጥ ያመጣል እንዴ? ትንንሾቹ የወፍ ኩስ ይመስላሉ፣ ጥቁርና ነጭ። ትልልቆቹ አረንጓዴ ሆነው ቡናማ መቀነት አላቸው። ሲነኳቸው ከጭንቅላታቸው ኋላ ብርቱካናማ መንታ ቀንድ ይመዝዙና ቤቱን በሽታ ይሞሉታል።

ኮምቦልቻዊት፦
አብሽር፣ ለውጡማ ይህ ነው። የሎሚ ቢራቢሮ ነው፣ የሳይንስ ስሙ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ፤ ጥቁር ክንፉ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ያለው ትልቁ። የወፍ ኩስ መምሰሉ ወፍ እንዳይለቅመው ነው፣ ቀንዱም ማስፈራሪያ ነው፣ አይናደፍም። ጎመን ብትከምርለት በረሃብ ይሞታል እንጂ አይበላም። የሎሚ፣ የብርቱካን ወይም የመንደሪን ለጋ ቅጠል ፈልግ። ቅርንጫፉን ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ክተተው፣ የጠርሙሱን አፍ ግን በጨርቅ ወትፈው፤ አለዚያ ትሎቹ ወርደው ይሰምጣሉ።

የችግኝ ሻጭ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ትል ማሳደግ ከመቼ ወዲህ ነው ትምህርት የሆነው? እኔ ይህንን ጠላት በጣቴ ስለቅም እውላለሁ። የመንደሪን ችግኜን እንጨቱ ብቻ እስኪቀር ላጭቶ ነው የጨረሰው። እናንተ ሎሚ እየቀለባችሁ ታሳድጉታላችሁ። መርጨት ነው መፍትሔው።

ኮምቦልቻዊት፦
ለችግኝህ አዝናለሁ፤ ችግኝን በእርግጥ ይጎዳል። የቆመ ዛፍ ግን ጥቂት ቅጠል ቢያጣ ግድ አይሰጠውም። ስትረጭ ደግሞ ትሎቹንና ሙሽሬውን (ትሉ ቢራቢሮ ከመሆኑ በፊት ሳይበላ ተሸፍኖ የሚቆይበትን ደረጃ) ከውስጥ የሚበሉልህን ጥቃቅን ተርቦች አብረህ ትጨርሳለህ። በጣትህ መልቀሙን ቀጥል፣ እሱ ነው ትክክሉ።

የሆጤው አባት፦
መሽቷል፣ በሰፈራችን የሎሚ ዛፍ አላውቅም። ኮምቦልቻ የምደርሰው ነገ ነው።

የጓሮ ሰው፦
ጎመኑን አጥባችሁ ሞከራችሁ?

እትዬ ቡና፦
ልጄ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ ኮምቦልቻ መሄድ ምን አስቸኮለህ? ጤና አዳም የሌለበት ግቢ አለ? ጤና አዳም ከሎሚ ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው፣ ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንስተህ ብታይ እንደ ሎሚ ቅጠል የዘይት ነጥብ ይታይሃል። የጎረቤትህን በር አንኳኳ።

መምህር በጡረታ፦
እትዬ እውነታቸውን ነው፣ ሁለቱም ሩታሴ ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው። ለጥርስ መፋቂያ የምንቆርጠው ልምጭም እንዲሁ፤ ይህ ቢራቢሮ ሎሚ ወደ አገራችን ሳይገባ በፊት ይመገብ የነበረው እንደ ልምጭ ያሉትን የዱር ዘመዶች ነው። በደቡብ አፍሪካ እንስላል ላይ የሚያድግ ወገንም አለው። ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በሎሚ የጀመረ ትል ሌላ ቅጠል ሊጠየፍ ይችላል፣ በተለይ ትልቁ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አታዛውር።

ኮምቦልቻዊት፦
ደግሞም የማይበላ ሁሉ የታመመ እንዳይመስልህ። ቆዳ የሚቀይር ትል ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ አትነካካው። ከትልልቆቹ መካከል ቅጠሉን ትቶ በካርቶኑ ግድግዳ ላይ የሚንከራተት፣ ውሃ የበዛበት ኩስ የጣለ ካለ ደግሞ ጠግቧል ማለት ነው፣ ሙሽሬ ሊሆን ቦታ እየፈለገ ነው። ደረቅ እንጨት አቁምለት።

የሆጤው አባት፦
ጎረቤታችን ጤና አዳም ሰጡን፣ እግዜር ይስጣቸው። ከትንንሾቹ አንዱ የቅጠሉን ጠርዝ መነጨቅ ጀምሯል፣ የቀሩት አሸተቱና ዞር አሉ። እናቴ ነገ በመጀመሪያው መኪና የሎሚ ቅርንጫፍ ትልካለች። ትልቁ ግን ካርቶኑ ክዳን ላይ ወጥቶ ጅራቱን አጣብቆ፣ በወገቡ ዙሪያ እንደ ክር ያለ ነገር ጠምጥሞ ተንጠልጥሏል። ላውርደው?

ኮምቦልቻዊት፦
እንዳትነካው! ያ ክር ሐር ነው፣ መቀነቱን አስሮ ሙሽሬ ሊሆን ነው። ብታወርደው ይበላሻል። ክዳኑን እንዳለ አቁመው፣ ካርቶኑን በሌላ ነገር ሸፍነው።

መምህር በጡረታ፦
ለዓርብ ግን ቢራቢሮ ይወጣል ብለህ ለልጁ ቃል አትግባ። በሙቀት እንኳ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ናት፣ ብርዱ የበለጠ ያዘገየዋል። ትንሹን ትል፣ ትልቁን ትልና ሙሽሬውን ጎን ለጎን ያሳይ፣ ቢራቢሮውን ይሳለው። የወፍ ኩስ መሳዩን ከእውነተኛ የወፍ ኩስ አጠገብ ቢያስቀምጥና እንግዶቹን «የቱ ነው ትሉ?» ብሎ ቢጠይቅ ሰው ይሰበሰብለታል።

የችግኝ ሻጭ፦
ትል ካነሰው እኔ ዘንድ ሞልቷል። ኮምቦልቻ ድረስ ብቅ በል፣ የፈለግከውን ያህል ለቅመህ ውሰድ፣ በነጻ ነው። ሲያድጉ መልሰህ እንዳታመጣቸው እንጂ።