128 ኪሎ፣ ክንዱ 46 ሳንቲም፣ የደም ግፊቱ 168/98፦ ብረት ያቁም ወይስ ይቀጥል?

ቦርከና_ጂም
ሰላም ለዚህ ቤት። ኮምቦልቻ ነው ያለነው። የማሠለጥነው ልጅ 31 ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ 1.80፣ ክብደቱ 128 ኪሎ። ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ አድርጎ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) 260 ኪሎ፣ ዴድሊፍት (ከመሬት ማንሳት) 280 ይሠራል። ሰሞኑን ፋርማሲ ሲለካ 168/98 አሉት። በሦስተኛው ቀን ሌላ ፋርማሲ 162/100። ራሱን አያመው፣ አያዞረው፣ ምንም የለውም። ክንዱ ሳይወጠር 46 ሳንቲም ነው። ሌሊት ቤት እስኪነቃነቅ ያንኮራፋል ይላሉ። ከልምምድ በፊት የሚጠጣ ዱቄት አለው፤ ክሬአቲን በቀን 5 ግራም ይወስዳል፤ ጉልበቱን ሲያመው ዳይክሎፌናክ ይውጣል። አርብ አርብ ይቅማል። ጂሙ ለሁለት ተከፍሏል፤ ግማሹ «ጡንቻ ነው፣ ለትልቅ ሰው ኖርማል ነው» ይላል፣ ግማሹ «ብረት እርም ይበል» ይላል። ከነገ ጀምሮ ምን ላድርገው?

ፒያሳ_ዳገት
ኮች፣ መጀመሪያ ቁጥሩ የልጁ ይሁን የካፉ (ክንድ ላይ የሚታሰረው መለኪያ ጨርቅ) እንለይ። 46 ሳንቲም ክንድ ላይ ፋርማሲ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው የተለመደ ካፍ ከታሰረ፣ የሚወጣው ነገር ሊታመን አይችልም።

ካፉ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ርዝመቱ ከክንዱ ዙሪያ 80 በመቶውን መሸፈን አለበት፤ ስፋቱ ደግሞ የዙሪያው 40 በመቶ። ከዚህ ሲያንስ ጭመቁ ወደ ደም ሥሩ በደንብ አይደርስም። ስለዚህ ደም ሥሩን ለመዝጋት ተጨማሪ አየር ይፈልጋል፣ መሣሪያውም ያንን ትርፍ አየር በልጁ ላይ ይጽፍበታል። ካፉ በአንድ ቁጥር ከጠበበ የላይኛው ግፊት በአማካይ 5 ያህል ከፍ ብሎ ይነበባል፤ በሁለት ቁጥር ከጠበበ ወደ 20 ይጠጋል። የእሱ ክንድ ሁለተኛው ውስጥ ነው።

ልኩ እንዲህ ነው፦ ከ27 እስከ 34 ሳንቲም መደበኛ ካፍ፣ ከ35 እስከ 44 ትልቅ፣ ከ45 እስከ 52 በጣም ትልቁ (የጭን ካፍ የሚባለው)። ፋብሪካ ከፋብሪካ ትንሽ ስለሚለያይ ካፉ ላይ የታተመውን የሳንቲም ልክ አንብቡ። ክንዱን በልብስ ሰፊ ሜትር፣ እጁ ተንጠልጥሎ፣ ከትከሻ አጥንት ጫፍ እስከ ክርን ባለው ርቀት መሃል ላይ ለካው። ካፉ ራቁት ክንድ ላይ ይታሰር፣ የታችኛው ጠርዝ ከክርን መታጠፊያ 2 ወይም 3 ሳንቲም ከፍ ይበል። ብረት የሚያነሳ ሰው ክንድ ከላይ ወፍሮ ከታች ይቀጥናል፤ ካፉ ወደ ታች ከተንሸራተተ ወይም በታች በኩል አየር ካስገባ እንደገና እሰሩት። ትልቁ ካፍ ከጠፋ፣ አንጓ ላይ የሚታሰር መሣሪያ ከጠባብ ካፍ ይሻላል፤ ግን አንጓው በልብ ትክክል ካልተያዘ ዋጋ የለውም።

አለካኩ፦ ሽንት ሸንቶ፣ ወንበር ላይ ጀርባውን ደገፍ አድርጎ፣ እግሩን ሳያነባብር፣ እጁን ጠረጴዛ ላይ በልቡ ትክክል አሳርፎ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጥ። ወሬ የለም፣ ስልክ የለም። ከቡና፣ ከሲጋራና ከእንቅስቃሴ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይራቅ። (ደሴ ውስጥ ግማሹ ሰው ዳገት ወጥቶ እያለከለከ ፋርማሲ ገብቶ ነው የሚለካው።) ጠዋት ሁለቴ፣ ማታ ሁለቴ፣ በመካከሉ 1 ደቂቃ እያረፈ፣ ለ7 ቀን። የመጀመሪያውን ቀን ጣሉት፣ የቀሪውን 6 ቀን አማካይ አውጡ። ቤት ውስጥ 135/85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደም ግፊት አለበት ማለት ነው፤ ሐኪም ቤት ሲለካ ወሰኑ 140/90 ነው።

አንድ ወጥመድ ልጨምር። ልምምድ እንደጨረሰ ቢለካ ከፍ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ላሉት ጥቂት ሰዓታት ደግሞ ከወትሮው ዝቅ ይላል። «ጂም ስሠራ ይወርድልኛል» የሚሉት ያቺን ሰዓት ይዘው ነው። ሁልጊዜ ከልምምድ በፊት ይለካ።

ቧንቧ_ውሃ
ከላይ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ካፉን ጥፋተኛ አድርጋችሁ እንዳትተኙ። ከ168 ላይ 20 ቢቀነስ 148 ነው፣ እሱም ከፍተኛ ነው። «ጡንቻ ስላለው ነው» የሚለው ደግሞ ምንም አያድንም። የደም ሥር ግድግዳና ኩላሊት ጭነቱ ከጡንቻ ይምጣ ከስብ አይጠይቁም።

አንተ ራስህ በጥያቄህ አራት ነገር ጽፈሃል፣ አራቱም ግፊት ይጨምራሉ።

ዳይክሎፌናክ። ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲይዝ ያደርጋል፤ በኋላ ሐኪም ኢናላፕሪል (የግፊት መድኃኒት) ቢያዝለት የመድኃኒቱን ጉልበት ያዳክምበታል። ኢናላፕሪል፣ የሚያሸና መድኃኒትና ዳይክሎፌናክ ሦስቱ አንድ ላይ ሲገናኙ ደግሞ ኩላሊቱን ባንድ ሳምንት ሊጥሉት ይችላሉ፣ በተለይ ውኃ የጎደለው ቀን። አይቡፕሮፌንም ያው ነው። ለጉልበቱ ቅባቱን ይጠቀም፣ ወይም ፓራሲታሞል አልፎ አልፎ። በየቀኑ 4 ግራም ፓራሲታሞልም ግፊት ስለሚጨምር «ንጹሕ ነው» ብሎ እንዳያዘወትረው።

ዱቄቱ። ጀርባውን አንብበው፦ ካፌይን በአንድ ማንኪያ ከ200 እስከ 400 ሚሊግራም መሆኑ የተለመደ ነው። ዮሂምቢን ወይም ሲኔፍሪን (አነቃቂዎች ናቸው) የሚል ካየህ ዛሬውኑ ጣለው። በዚያ ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲጨመር አስበው። ክሬአቲኑ ግፊት አይጨምርም፣ ይቀጥል፤ ግን የደም ምርመራ ሲሰጥ መውሰዱን ለሐኪሙ ይንገር። ክሬአቲንና ብዙ ጡንቻ የክሬአቲኒንን (በደም ውስጥ የኩላሊት መለኪያ) ቁጥር ከፍ ስለሚያደርጉት ጤነኛ ኩላሊት የታመመ ይመስላል።

ጫቱ። ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ ልብ ያፈጥናል፣ ደም ሥር ያጠባል፣ እንቅልፍ ይነሳል። አርብ ቅሞ ቅዳሜ ጠዋት ከባድ ስኳት ማድረግ የመጨረሻው መጥፎ ቅንብር ነው። ካልተወው እንኳ የአርብን ልኬት ለብቻው ይጻፍ፣ የቅዳሜውን ከባድ ቀን ወደ ሰኞ አዙርለት።

ማንኮራፋቱ። እኔን ቢጠይቁኝ ትልቁ ይህ ነው፣ ማንም የማያየውም ይህ ነው። የአንገቱን ዙሪያ ለካ፤ ከ43 ሳንቲም በላይ ከሆነ፣ እያንኮራፋ ድንገት ዝም ብሎ ከዚያ እንደታነቀ ሰው የሚነቃ ከሆነ፣ ቀን ሥራ ላይ የሚያንቀላፋ ከሆነ፣ በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ እየተቋረጠበት ሳይሆን አይቀርም። ትንፋሽ በቆመ ቁጥር ኦክስጅን ይወርዳል፣ አድሬናሊን ይፈሳል፣ ግፊቱ ሌሊቱን ሙሉ ማረፍ ሲገባው ይወጣል። የወፈረ አንገት ከስብም ከትራፔዚየስም (ከአንገትና ትከሻ ጡንቻ) ሊመጣ ይችላል፣ የአየር ቧንቧውን ከመዝጋት አይመለስም። አብሮት የሚያድር ሰው ሌሊት በስልክ ድምፁን ቀድቶ ለሐኪሙ ያሰማ። እስከዚያው በጎኑ ይተኛ።

ያልጻፍከውንም ልጠይቅ፦ የጡንቻ ማሳደጊያ መርፌ አለ? ቴስቶስቴሮን፣ ናንድሮሎን፣ ትሬንቦሎን፣ ወይም የሚዋጥ? ካለ ለእኔ ሳይሆን ለሐኪሙ ይናገር። ግፊት ይጨምራል፣ ደም ያወፍራል፣ ጥሩውን ኮሌስትሮል ይጥላል፣ የልብ ግድግዳ ያወፍራል። «ማወፈሪያ» እየተባለ የሚሸጥ እንክብል ውስጥ ዴክሳሜታዞን (ስቴሮይድ) ካለ እሱም ግፊት ይጨምራል፤ ለረጅም ጊዜ የወሰደው ግን በአንድ ጊዜ አያቁም፣ በሐኪም ቀስ በቀስ ነው የሚወርደው።

ጨው ላይ አንድ ነገር ብቻ። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ልኩን እንኳ አይሞላም። 128 ኪሎ ሰው ግን የሁለት ሰው ሽሮ ስለሚበላ፣ ወጡ ጨው ባይበዛበትም የሁለት ሰው ጨው ይበላል። ወጡን አታባዛለት። ወጡ የአንድ ሰው ይሁን፣ ጭማሪው ምግብ ጨው የሌለበት፦ ቅቅል እንቁላል፣ ቅቅል ድንች፣ ያለ ጨው የተሠራ ቂንጬ፣ አቮካዶ፣ ሙዝ። ድንችና ሙዙ ፖታሺየም ስላላቸው በራሳቸው ግፊት ያግዛሉ (ኩላሊቱ ደህና መሆኑ በምርመራ ከታየ)። ወጥ ውስጥ የሚፈረፈረው ኩብ ግማሽ ያህሉ ጨው ነው፣ ይቅር። አዋዜና ሚጥሚጣም በጨው የተቀመሙ መሆናቸው ይረሳል።

ቦርከና_ጂም
አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ትልቁ ካፍ ደሴ ተገኘ። የ6 ቀን አማካይ 149/92። አንገቱ 47 ሳንቲም። ዱቄቱንና ዳይክሎፌናኩን አቁሟል። ሐኪም ቀጠሮ ይዘናል። እስከዚያ ልምምዱን እንዴት ላስተካክል?

ጦሳ_ሥር
አብሽር ኮች፣ እርም የሚባል ነገር የለም። በእረፍት ሰዓት የላይኛው ከ160 በላይ ከሆነ ከባድ ብረት እስኪወርድ ይቆማል፤ 149 ላይ ተስተካክሎ ይቀጥላል።

ለምን መስተካከል እንዳለበት ግን ይግባህ። በ1985 በወጣ ጥናት የደም ሥር ውስጥ መለኪያ አስገብተው እግር ፕሬስ (ክብደት በእግር የሚገፋበት ማሽን) መግፋት ከሚችሉት ከፍተኛ ክብደት 95 በመቶ አስገፍተው ለኩ፤ የተሳታፊዎቹ አማካይ ጣሪያ 320/250 ደረሰ፣ አንዱ 480/350ን አለፈ። ይህ ጤነኛ ሰው ላይ ነው። ጣሪያውን የሚሠሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ትንፋሽ አፍኖ ማማጥና መጨረሻ ላይ የሚቀሩት እየተንቀጠቀጡ የሚወጡ ድግግሞሾች። ኪሎው ብቻውን አይደለም። 70 በመቶ ይዞ እስኪወድቅ የሚገፋ ሰው 85 በመቶ ይዞ ሁለቴ ብቻ ከሚያነሳው የባሰ ግፊት ሊያወጣ ይችላል።

ስለዚህ ለሚቀጥሉት 8 ሳምንታት፦ ከከፍተኛው ከ65 እስከ 80 በመቶ፣ በአንድ ዙር ከ3 እስከ 6 ድግግሞሽ፣ ሁልጊዜ ገና 2 ወይም 3 ድግግሞሽ መሥራት እየቻለ ይመልስ። እረፍት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ። ትንፋሹን ወደ ታች ሲወርድ ይያዝ፣ ወደ ላይ ሲወጣ ከከባዱ ነጥብ ላይ «ስስስ» እያለ ይልቀቅ፤ በአንድ ትንፋሽ ሁለት ሦስት ድግግሞሽ አይሥራ። 200 ኪሎ ጀርባው ላይ አስቀምጦ ትንፋሽ ጨርሶ አትያዝ ማለት ወገቡን መስበር ስለሆነ ጨርሶ አልልም፤ አጭር ይሁን ነው የምለው። ቀበቶ ለከባዱ ዙር ብቻ። እግር ፕሬስ እስከ ውድቀት፣ ጭንቅላት ወደ ታች ዘቅዝቆ የሚሠራ ቤንችና ረጅም ፕላንክ ለጊዜው ይውጡ። ዙሩን ሲጨርስ ድንገት አይቀመጥ፣ አይተኛ፤ ይንሸራሸር፣ ግፊቱ ሲወድቅ የሚስቱት ያኔ ነው።

የጎደለው እግር መንገድ ነው። በሳምንት 4 ቀን ከ35 እስከ 40 ደቂቃ፣ እያወራ መሄድ በሚችልበት ፍጥነት። ኮምቦልቻ ሜዳ ስለሆነ ለ128 ኪሎ ጉልበት የተመቸ ነው፤ የሐረጎን ዳገት አሁን አታሳየው። ይህ ብቻውን የላይኛውን ከ5 እስከ 8 ሊያወርድ ይችላል። ክብደት ደግሞ ከወረደ በኪሎ 1 ያህል ይቀንሳል፤ ወገቡ ከ102 ሳንቲም በላይ ከሆነ 10 ኪሎ ቢጥል ስኳቱ ብዙም አያጣም።

ፒያሳ_ዳገት
ለቀጠሮው ያህል። ሐኪሙ የሽንት አልቡሚን፣ ክሬአቲኒን፣ ፖታሺየም፣ የጾም ስኳር፣ ኮሌስትሮልና ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ሊያዝ ይችላል። ኢሲጂው ላይ «ልብ ወፍሯል» ቢባል አትደንግጡ፣ አትናቁትም፤ ስፖርተኛ ላይ ወረቀቱ ብቻውን አይፈርድም፣ በኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) የልብ ግድግዳው ውፍረት ይለካ። 13 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ስፖርቱ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

መድኃኒት ከታዘዘ አምሎዲፒንና ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን ለብረት ሰው ይስማማሉ፤ ጉልበት አይነሱም፣ በስፖርት ከተከለከሉትም ውስጥ አይደሉም። አምሎዲፒን ብዙ ጊዜ በ5 ሚሊግራም ተጀምሮ ወደ 10 ይወጣል፤ ቁርጭምጭሚት ካሳበጠ ለሐኪሙ ይነገር፣ የሚያሸና ራሱ ገዝቶ አይጨምርበት። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል፤ ያኔ ወደ ሎሳርታን ይዞራል። ኢናላፕሪል ከጀመረ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ፖታሺየምና ክሬአቲኒን ይደገም። ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ሌሎች የሚያሸኑ ሁሉ በዋዳ (የዓለም ፀረ-ዶፒንግ ድርጅት) ዝርዝር ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የተከለከሉ ናቸው፤ ውድድር የሚገባ ከሆነ የሕክምና ፈቃድ ሳይዝ አይውሰድ። አቴኖሎል ለብረት ማንሳት የተከለከለ አይደለም፣ ግን የልብ ምትን ስለሚይዝ እግር መንገዱን ይከብድበታል።

ቦርከና_ጂም
የመጨረሻ ጥያቄ። አንድ ጓደኛው «ግፊትህ ሲወጣ ኒፈዲፒን ነክሰህ ከምላስህ ሥር አድርግ» ብሎታል።

ፒያሳ_ዳገት
በጭራሽ! እንዲያ ሲወሰድ ግፊቱ ማንም ሊገታው በማይችል ፍጥነት ይወድቃል፤ ጭንቅላትና ልብ ደም አጥተው ስትሮክና ሃርት አታክ የመጣባቸው ስላሉ ነው የቀረው። ቁጥሩ 180/120 ቢደርስና ምንም ባያመው፣ ተቀምጦ ይረፍ፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ ይድገም፣ ካልወረደ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው፣ ብረት አይንካ። ደረቱን ከጨመቀው፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ አንድ ጎኑ ከደከመ፣ ንግግሩ ከተሳሰረ ወይም ዓይኑ ከጨለመ ግን ድጋሚ መለካት የለም፤ ቀጥታ ቅርብ ወዳለው ድንገተኛ ክፍል፣ መኪናውንም ሌላ ሰው ይንዳ።