«የተፈጥሮ ገዳይ» ሲባል ማን ማንን ነው የሚገድለው?

የሸዋ ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ። ወንድሜ ኤኤምኤል የሚባለው የደም ካንሰር ይዞት ስቴም ሴል (ደም የሚያመርተው እናት ሴል) ንቅለ ተከላ ሊደረግለት ነው፣ የምትሰጠው እህቴ ናት፣ ግማሽ ብቻ ነው የሚገጥሙት። ወረቀቱን ለእናቴ ሳነብላት «የለጋሿ የተፈጥሮ ገዳይ ሴሎች የቀረውን ካንሰር ያጠፋሉ» የሚለው ጋ ስደርስ ደነገጠች። በሽታ የሚከላከሉ የደም ሴሎች ናቸው አሉ። በምን ቃል ልተካው?

ፊደል ቆጣሪ፦ እግዜር ይማርላችሁ። ጉዱ «የ» ላይ ነው፣ «የአንበሳ ገዳይ» አንበሳ የገደለ ከሆነ «የተፈጥሮ ገዳይ» ተፈጥሮን የሚገድል ይሆናል። ተፈጥሯዊ በል።

ዘቅኔ ቤት፦ «የ»ን ተዋት፣ ሥሩን እይ። በግእዝ መግደል ቀተለ ነው፣ «ኢትቅትል» እንዲል። ተጋደለ ግን ታገለ ነው፣ የጻድቃን ገድልም ከዚያው ነው። «ተጋዳይ ሕዋስ» ይባል።

ፊደል ቆጣሪ፦ ሕዋስ ካልካቸው ደግሞ እናትየው ማየት መስማት ማሽተቱን ነው የሚያስቡት፣ አምስቱን ሕዋሳት።

ዘቅኔ ቤት፦ እኔ እኮ ቅኔ ቤት አድጌ ነው፣ ሕዋስን አታስተምረኝ።

ላብራቶሪ፦ ስሙ የወጣው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው፣ ስቶክሆልም ካሮሊንስካ የሚባለው የሕክምና ተቋም፣ እነ ተመራማሪው ሮልፍ ኪስሊንግ ጋ። ተፈጥሯዊ የተባሉት አስቀድመው ጠላቱን ሳይለማመዱ ስለሚገድሉ ነው። ኤችኤልኤ የሚባል የሰውነት መታወቂያ አለ፣ የሚያውቁትን መታወቂያ ሲያዩ ይታቀባሉ፣ ሲያጡት ልጓማቸው ይላላል። ለጋሽና ታማሚ ግማሽ ብቻ ሲገጥሙ ካንሰሩ ላይ የሚያጡት ሊኖር ይችላል። በ2002 የጣሊያን ፔሩጃ ሐኪሞች ያሳዩት ይሄንን ነው፣ እንዲህ ያለ ለጋሽ ያገኙ የኤኤምኤል ታማሚዎች ላይ በሽታው ተመልሶ መምጣቱ ቀነሰ። ሁሉም ዓይነት ንቅለ ተከላ ላይ ግን እኩል አልታየም፣ ሐኪሙን ጠይቁ።

ፉከራ ወዳድ፦ ገዳይ እኮ በኛ ሙገሳ ነው፣ የሚያስፈራው ነፍሰ ገዳይ ነው። «አዳኝ» በላት፣ «ዳ» ሲጠብቅ አውሬ የሚያድን፣ ሲላላ ከበሽታ የሚያድን፣ ሁለቱንም ይሠራሉ።

ዘቅኔ ቤት፦ ላልቶ ከሆነ አዳኝ አንድ መድኃኔዓለም ነው!

የሸዋ ልጅ፦ አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። አሁን ደግሜ ስጠይቃት ለካ ቃሉ አይደለም ያስደነገጣት፣ «ገዳዩን ከልጅቷ ካወጡባት እሷን ማን ይጠብቃታል?» ነው የምትለው።

ላብራቶሪ፦ የእሷ መቅኔ መልሶ ያመርተዋል፣ ባዶ አትቀርም በላቸው።

ዘቅኔ ቤት፦ ታዲያ ያሳሳታቸው «ንቅለ ተከላ» ነዋ። ነቀለ ማለት ከነሥሩ መንግሎ ማውጣት ነው፣ ከእህትየው የሚነቀል ከሌለ ቃሉ ራሱ...

ፊደል ቆጣሪ፦ ለእሱ ሌላ ርዕስ ክፈትለት፣ እመጣለሁ።