ባሕር ለሌላት አገር ባሕር ኃይል ያስፈልጋል?

የመርከበኛው ልጅ፦ ያስፈልጋል። አባቴ ምፅዋ ባሕር ኃይል ሲገቡ ገና 19 ዓመታቸው ነበር። ሥራቸው መርከብ ላይ ነው ተብለው። ታኅሣሥ 1970 ሻዕቢያ የባሕር ኃይሉን ሰፈር ሲያጠቃ ግን ጠመንጃ ይዘው ምሽግ ገቡ። አጥቂው ሳሊና የሚባለውን የጨው ሜዳ አቋርጦ ነው የመጣው። መከለያ የሌለው ሜዳ ነው፤ ብዙ ሰው አለቀበት። ያኔ ሰፈሩ አልተያዘም። "ዋና ተምሬ ጨው ላይ ተዋጋሁ" ይላሉ። እነሱ ያቆዩት ተቋም እንዴት ተረስቶ ይቀራል?

ነጋዴው፦ ለአባትህ ክብር አለኝ። ግን ወንድሜ፣ ታሪክህ ለእኔ ነው የመሰከረልኝ። መርከበኛው ምሽግ የገባው ወደቡ ከምድር ስለተጠቃ ነው። የካቲት 1982 ምፅዋ ስትወድቅ መርከቡ የት ይቁም? አሁን ደግሞ ከነጭራሹ ወደብ የለንም። ዕቃዬ ጅቡቲ ሲዘገይብኝ የምፈልገው የባቡር ፉርጎ እንጂ መድፍ አይደለም።

የመርከበኛው ልጅ፦ ቦሊቪያስ? ከቺሊ ጋር ተዋግታ ባሕሯን ካጣች ከ140 ዓመት በላይ ሆናት። ዛሬም ቲቲካካ ሐይቅ ላይ ባሕር ኃይል አላት።

ነጋዴው፦ እኛም ጣና ላይ በታንኳ እንሰለፍ በለኛ!

ከጅዳ የሚከታተል፦ ሁለታችሁም ሰውየውን ረሳችሁት። ግንቦት 1983 መርከቦቹ ወደ የመንና ጅቡቲ ሲሸሹ ውስጣቸው ሰው ነበር። የመን ስደተኛ ሆነው የቀሩ አሉ። ከአሜሪካ የመጣችው ትልቋ መርከብማ እዚያው የመን ለቁራሌው ተሸጠች። ስሟ "ኢትዮጵያ" ነበር፤ አስቡት እንግዲህ። መንግሥት በ2010 ባሕር ኃይል ይመለሳል አለ፣ በ2011 ከፈረንሳይ ጋር ተፈራረመ። ይሁን። የእነዚያ ልጆች ጡረታስ? ዛሬ እኮ ሽማግሌዎች ናቸው።

የመርከበኛው ልጅ፦ እሱስ ልክ ነህ። የአባቴ የአገልግሎት ማስረጃ ምፅዋ ቀርቶ ስንት ቢሮ ተመላልሰዋል። ግን ከ2016 ወዲህ የየመን ታጣቂዎቹ ሁቲዎች ቀይ ባሕር ላይ መርከብ ሲመቱ አይተናል። የእኛም የንግድ መርከቦች አሉ። ማን ይጠብቃቸው?

ነጋዴው፦ አሜሪካ ያን ሁሉ የጦር መርከብ ይዛ መች በቀላሉ አስቆመቻቸው? ይልቅ አባትህን ጠይቃቸው።

የመርከበኛው ልጅ፦ ጠየቅኳቸው። "ደመወዙ ስንት ነው?" አሉኝ። ልመዘገብ ያሰብኩት እኔ መሆኔ ሲገባቸው ግን ዝም አሉ።