ዩኤስዲቲ በቢኢፒ20 ተላከ፤ ተቀባዩ ኤክስቼንጅ ግን ኢአርሲ20 ብቻ ነው የሚቀበለው። ይመለሳል?

ሸገር_ጀማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 340 ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘ ዲጂታል ገንዘብ) ከአንድ ኤክስቼንጅ (የክሪፕቶ መገበያያ) ወደ ሌላ ኤክስቼንጅ ልኬ ነበር። ዲፖዚት አድሬሱን (የመቀበያ አድራሻውን) የወሰድኩት ኢአርሲ20 (የኢቴሪየም ኔትወርክ) መርጬ ነው፤ ስልከው ግን ክፍያው ስለሚቀንስ ቢኢፒ20 (የቢኤንቢ ስማርት ቼይን ኔትወርክ) መረጥኩ። አድሬሱ በ«0ኤክስ» ስለሚጀምር ሲስተሙ አልከለከለኝም። ላኪው ጋ «ተጠናቋል» ይላል፣ ተቀባዩ ጋ ምንም አልገባም። በዚያ ላይ ሃሹን (የዝውውሩን መለያ) ቢኤስሲስካን ላይ (የቢኤንቢ ሰንሰለት ዝውውሮች የሚታዩበት ድረ ገጽ) ሳስገባ፣ ተቀባይ ተብሎ የሚታየው የማላውቀው አድሬስ ነው። ገንዘቡ የት ነው ያለው? የማናግረውስ ማንን ነው? ላኪው ሊመልሰው ይችላል?

ብሎክ_ቆጣሪ፦
ከመጨረሻው ልጀምር። ላኪው ሊመልሰው አይችልም። «በሂደት ላይ» እያለ ቢሆን ምናልባት መሰረዝ ይቻል ነበር፤ ሃሽ ከወጣለትና ብሎክ ውስጥ (የሰንሰለቱ መዝገብ ላይ) ከገባ በኋላ ግን የላኪው ሳፖርት የሚሰጥህ ማስረጃ ብቻ ነው።

ያስደነገጠህ አድሬስ የዩኤስዲቲ ኮንትራት ነው፤ ማለትም የቶክኑን ሒሳብ የሚይዝ፣ ሰንሰለቱ ላይ ያለ ፕሮግራም። ቶክን ስትልክ ትራንዛክሽኑ የሚሄደው ወደ ቶክኑ ኮንትራት ነው፤ ከአንተ ቀንሶ ለተቀባዩ የሚጨምረው እሱ ነው። ትክክለኛው ተቀባይ ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ የቶክን ዝውውር በሚለው መስመር ላይ ተጽፏል። ያንን ከዲፖዚት አድሬስህ ጋር አስተያይ። መጀመሪያና መጨረሻውን ብቻ አይደለም፣ 42ቱንም ፊደል። ጫፍና ጫፉን የሚያመሳስሉ አጭበርባሪዎች አሉ።

አሁን ገንዘቡ የት እንዳለ። ኢቴሪየም፣ ቢኤንቢ ስማርት ቼይንና ፖሊጎን የሚባሉት ሰንሰለቶች አድሬስ የሚያወጡት በአንድ ዓይነት ስሌት ነው። አንድ ፕራይቬት ኪይ (ምስጢራዊ ቁልፍ) በሦስቱም ላይ ያንኑ አድሬስ ይከፍታል። ስለዚህ 340ው በቢኤንቢ ሰንሰለት ላይ፣ በዚያው አድሬስ ተቀምጧል፤ ቁልፉ ያለው ተቀባዩ ኤክስቼንጅ እጅ ነው። የምታናግረውም እሱን ነው።

ቲኬት (ለሳፖርት የሚቀርብ ጥያቄ) ስትከፍት በመጀመሪያው መልእክት ይህን ሁሉ አስገባ፦ ሙሉውን ሃሽ፣ መጠኑን፣ የቶክኑን ስም፣ «በስህተት የተላከበት ኔትወርክ ቢኢፒ20» የሚል ግልጽ ቃል፣ ዲፖዚት አድሬስህን ከአካውንትህ ውስጥ እንደሚታይ ስክሪንሾት፣ የአካውንት መለያ ቁጥርህን፣ ከላኪው በኩል ደግሞ የዊዝድሮው (የወጪ) ታሪክ ስክሪንሾት። አንዳንዱ ከላኪው አካውንት ገብተህ ታሪኩን ስትከፍት የሚያሳይ ቪዲዮ ይጠይቃል። አንድ ቲኬት ብቻ ክፈት፤ በሦስት ቲኬት ከበተንከው ወረፋህ ወደ ኋላ ይሄዳል። እስኪያልቅም አካውንቱን አትዝጋ፣ ኢሜይል አትቀይር። በሌላ ሰው መታወቂያ የተከፈተ አካውንት ከሆነ አሁኑኑ ባለቤቱን አግኘው፤ የፊት ማረጋገጫ መጠየቃቸው አይቀርም።

ቁልፍ_ያዥ፦
ከላይ የተባለው ትክክል ነው፣ ግን አንድ ወሳኝ ነገር ይጎድለዋል። «ቁልፉ ኤክስቼንጁ ጋ ነው» የሚባለው አድሬሱ ተራ አድሬስ ሲሆን ነው። ብዙ ኤክስቼንጆች ለደንበኛ የሚሰጡት አድሬስ ስማርት ኮንትራት ነው፤ የገባውን ወደ ዋናው ዋሌት ያስተላልፋል እንጂ የራሱ ፕራይቬት ኪይ የለውም። ያ ኮንትራት ኢቴሪየም ላይ ስለተተከለ ቢኤንቢ ሰንሰለት ላይም ተተክሏል ማለት አይደለም። ገንዘቡን ለማውጣት ኤክስቼንጁ እዚያም በዚያው አድሬስ ኮንትራቱን መትከል አለበት። ያ የሚቻለው አድሬሱ በወጣበት መንገድ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ይህ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ዊንተርሚዩት ለሚባል የክሪፕቶ ንግድ ድርጅት የታሰበ 20 ሚሊዮን ኦፒ ቶክን ኦፕቲሚዝም በሚባል ሰንሰለት ላይ የተላከው ኢቴሪየም ላይ ብቻ ወደተተከለ የመልቲሲግ (ከአንድ በላይ ፊርማ የሚጠይቅ ኮንትራት) አድሬስ ነበር። ባለቤቱ ሳይደርስ ሌላ ሰው ቀድሞ ያንኑ አድሬስ ኦፕቲሚዝም ላይ ተከለና ቶክኑን ተቆጣጠረ። በኋላ 17 ሚሊዮኑን መለሰ።

ስለዚህ አድሬሱን ኢተርስካን ላይ (ለኢቴሪየም እንደ ቢኤስሲስካን ያለው ድረ ገጽ) አስገባ። የኮንትራት ትር ካለው ኮንትራት ነው፤ ጊዜው ይረዝማል፣ እምቢ ሊሉም ይችላሉ። ከሌለው ተራ አድሬስ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ቢኤስሲስካን ላይ 340ው እዚያው ተቀምጦ እንደሆነ እይ። ወደ ሌላ ትልቅ ዋሌት ተጠርጎ ከሄደ ሲስተማቸው አውቆታል ማለት ነው፤ ያኔ ጥያቄው «አካውንቴ ላይ ይመዝገብልኝ» ብቻ ይሆናል።

ሸገር_ጀማሪ፦
አመሰግናለሁ ወንድሞቼ። አየሁት፤ የኮንትራት ትር የለውም፣ 340ውም ሳይነካ ተቀምጧል፣ አድሬሱም ሙሉ በሙሉ አንድ ነው። ምን ያህል ያስከፍላሉ? ደግሞ በቴሌግራም አንድ ሰው «የቴክኒክ ክፍል ነኝ፣ 10 በመቶ ቀድመህ ከላክህ በ24 ሰዓት እመልሳለሁ» ብሎኛል።

ብሎክ_ቆጣሪ፦
ሰውየውን አግደው፣ አንድ ሳንቲም እንዳትልክ። ቁልፉ ኤክስቼንጁ ጋ የተቀመጠን ገንዘብ ከውጭ ሆኖ የሚያወጣ ሰው በዓለም ላይ የለም። እነዚህ ሰዎች እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠየቅበትን ቦታ ሁሉ እየተከታተሉ ነው የሚጽፉት። መጀመሪያ «ክፍያ»፣ ቀጥሎ «ታክስ»፣ ቀጥሎ «ዋሌቱን ለማገናኘት» ብለው ዋሌትህን የሚከፍቱትን 12 ወይም 24 ምስጢራዊ ቃላት ይጠይቁሃል። ቃላቱን የሰጠህ ቀን የቀረህም ይሄዳል። ሳፖርት የሚያናግርህ አፑ ውስጥ ነው።

ክፍያው እንደየቤቱ ይለያያል። ለማነጻጸር ያህል፣ ኮይንቤዝ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ላይ ለማይደግፋቸው የኢቴሪየም ቶክኖች ማስመለሻ ሲጀምር፣ ከ100 ዶላር በላይ ለሆነው 5 በመቶና የኔትወርክ ክፍያ ይወስድ ነበር። እሱም ቢሆን ኢቴሪየም ላይ ለተላከ ቶክን እንጂ ለአንተ ዓይነቱ አይደለም። ሌሎች ቁርጥ ያለ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ዝቅተኛ መጠን አስቀምጠው ከዚያ በታች አንነካም የሚሉም አሉ። ክፍያው ከሚመለሰው ላይ ሲቀነስ ወይም አካውንትህ ውስጥ ካለው ሲወሰድ ጤናማ ነው። ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፣ ወራትም።

መዝገብ፦
ነገሩ ትንሽ ለየት ብሎ ይህን ጥያቄ ለሚያገኝ ሰው ልጨምር።

አድሬሱ የራስህ ዋሌት ከነበረ፣ ሜታማስክ ወይም ትረስት ዋሌት፣ ማንንም አትለምን። ቢኤንቢ ስማርት ቼይንን ዋሌቱ ውስጥ ጨምር፣ የቼይን መለያው 56 ነው፤ የዩኤስዲቲን ኮንትራት አድሬስ ከቢኤስሲስካን ቀድተህ አስገባ፣ ገንዘቡ ይታይሃል። ለማንቀሳቀስ ግን ትንሽ ቢኤንቢ ያስፈልጋል፤ ክፍያው በተለምዶ በዩኤስዲቲ አይከፈልም።

ኤክስአርፒ፣ ስቴላር ወይም ቶን ልከህ ታግ ወይም ሜሞ ከረሳህ፣ ከሁሉም ቀላሉ ስህተት እሱ ነው። ኤክስቼንጁ ለሁሉም ደንበኛ አንድ አድሬስ ይጠቀማል፣ ሜሞው የማን እንደሆነ ይለያል። ገንዘቡ ዋሌታቸው ውስጥ ገብቷል፣ የሚቀረው ያንተ መሆኑን ማሳየት ነው። አንዳንዶች መጀመሪያ ከላክህበት አድሬስ የተወሰነ ጥቂት መጠን በትክክለኛው ሜሞ ላክ ይሉሃል።

ቶክኑን ወደ ራሱ ወደ ቶክኑ ኮንትራት አድሬስ ከላክህ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ወደ ሌላ ደንበኛ አድሬስ ከሄደም ኤክስቼንጁ ስሙን አይነግርህም፤ ሰውየውን በራሱ በኩል ሊጠይቅልህ ይችላል፣ ከዚያ በላይ በፖሊስ በኩል ነው።

ቲአርሲ20ን በተመለከተ፣ የትሮን አድሬስ በ«ቲ» ይጀምራል፣ 34 ፊደል ነው፤ «0ኤክስ» አድሬስ ብታስገባበት ሲስተሙ አይቀበልህም። አደጋው «0ኤክስ» ባላቸው ኔትወርኮች መካከል ነው።

ለሙከራ ትንሽ ቀድማችሁ ስትልኩ የተቀባዩን ዝቅተኛ የዲፖዚት መጠን እዩ። ከዚያ በታች የላካችሁት አይመዘገብም፣ ኔትወርኩ ትክክል ሆኖ ሳለ «ጠፋ» ብላችሁ ትደነግጣላችሁ።

ሸገር_ጀማሪ፦
ቲኬቱን ከፍቻለሁ፣ ሁሉንም ማስረጃ በአንድ መልእክት አስገብቻለሁ። ያገናኙኝ ክፍል ዊዝድሮው ታሪኩን በቪዲዮ ጠይቋል። መልሱ ሲመጣ እዚህ እጽፋለሁ።