የፍጆታ መለኪያው ምጣድ እየሠራ ዜሮ ያሳያል

ጥያቄ፦ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የመብራት ፍጆታ መለኪያ ገዝተን ክላምፑን (ሽቦ አቅፎ ከረንት የሚለካውን ቀለበት) ዋናው ገመድ ላይ አሰርነው፤ ምጣድ ተሰክቶም ዜሮ ይላል። ምን ይሆን?

መልስ፦ ክላምፑ ሁለቱንም ሽቦ አንድ ላይ አቅፏል። በፌዝ (ኃይል አምጪው ሽቦ) እና በኒውትራል (መመለሻው ሽቦ) የሚሄደው ከረንት አቅጣጫው ተቃራኒ ስለሆነ ይጠፋፋል፤ ፌዙን ብቻ ይቀፍ። ከዋናው ብሬከር በፊት ያለው ሽቦ ብሬከሩ ቢጠፋም ኃይል አለው፣ እባካችሁ ኤሌክትሪሺያን ይንካው።

መልስ፦ እህቴ፣ መለኪያው ቮልቴጅም ይለካል? ክላምፕ ብቻ ያለው 220 ቮልት ብሎ ይገምታል፤ ማታ ወደ 180 ከወረደ 22 በመቶ አጋንኖ ያሳያል። የ3500 ዋት ምጣድም ያኔ 2340 ገደማ ብቻ ይሰጣል፣ እንጀራውም ዐይን አያወጣም። ኃይል ሲጠነክር ጋግሩ፣ በተከታታይ።

መልስ፦ ቦይለሩንም አጥፍታችሁ ሌሊት የቀረውን ዋት እዩ። 50 ዋት ሳያቋርጥ በወር 36 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ታሪፉ ደግሞ ፍጆታ ሲጨምር ይወደዳል።